ሣር ውስጥ የደበቅኋቸው እግሮች

በአልጋዬ ሥር ሦስት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፎች ነበሩ። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ «መርከቧ የመጣችበት ቀን» የሚል የልጆች የሥዕል መጽሐፍ። ሦስቱንም ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተዋስኳቸው፤ በየሦስት ሳምንቱ እየሄድኩ ቀን አስጨምር ነበር። ልጄ ሕሊና አንድ ቅዳሜ ክፍሌን ስትጠርግ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ እነዚህን ኪድናፕ አድርገሃቸው ነው እንዴ?»

«ተውሼ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ።»

«ለአራት ዓመት? ዛትስ ኖት ቦሮዊንግ፣ አባዬ፤ ይሄ መዋስ አይደለም።»

መጽሐፎቹን ከእጇ ወሰድኩ። ሥዕሎቹን የሣልኩት እኔ ነኝ። ከውስጣቸው አንዱን ገጽ ማንም ልጅ እንዳያየው ብዬ ነው የደበቅኋቸው።

ጡረታ ከወጣሁ እንግዲህ አራት ዓመት አለፈኝ። ዕረፍት ነው ብለውኝ ነበር፤ የዋሹኝን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ። መቀመጫዬን እሾህ የሚወጋኝ ይመስል አንድ ቦታ አልረጋም። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር እነሣና ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ እወርዳለሁ። የድሮ ቢሮዬ የነበረበትን ሕንፃ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየዋለሁ። ከዚያ ጉዳይ እንዳለው ሰው ሰዓቴን አይና ተመልሼ እሳፈራለሁ። ሕሊና የሜትሮ ካርዴን ስትሞላልኝ «ሥራ ጀመርክ እንዴ?» ትለኛለች።

ሥራዬ የአውስትራሊያን እንስሳት መሣል ነበር። አውስትራሊያን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ወዳጆቼም «ጋሽ ካንጋሮ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይሁን። እነሱ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዱ እኔ ሃያ ዓመት የካንጋሮ ጅራት ስሥል ኖርኩ፤ ማን በማን ይስቅ?

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬአለሁ፤ አሜሪካ ስመጣ ግን ያገኘሁት ሥራ ክሪስታል ሲቲ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ነው። የተቀመጥኩባት ጠባብ ክፍል ግማሽ አካሏ ከመንገዱ በታች ስለነበረ፣ በመስኮቷ የሚታየኝ የእግረኛና የርግብ እግር ብቻ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በቲኬቶቹ ጀርባ ላይ ያንን እሥላለሁ። አንድ ቀን አንዲት ፀጉረ ነጭ፣ ቀጭን አሮጊት ቲኬታቸውን ይዘው ተመለሱ። መኪናቸው የተጫረች መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ይህን የሣለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ቲኬት ልስጥዎት።»

«ሰው ሁሉ ርግብ ሲሥል ክንፍ ይሥላል። አንተ ለምን እግር?»

«ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳቁና ቲኬቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ አድራሻ ይዘው መጡ። ሚስ ሩት ይባላሉ። አውስትራሊያ ተወልደው፣ አሜሪካዊ አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው አሌክሳንድርያ የቀሩ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ነበሩ። የሚሠሩበት ማተሚያ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች የሚሆን አሥር መጽሐፍ ሊያወጣ አስቧል፤ ስለ አገራቸው እንስሳትና መጀመሪያ ስለሄዱት መርከበኞች። እጃቸው እየደከመ ስለሆነ ረዳት ይፈልጋሉ። ድርጅቱ ማለት ከአንድ የሥዕል ፍሬም ሠሪ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎችና ሚስተር ዴል የሚባለው ባለቤቱ ናቸው። ሚስተር ዴል ቀኑን ሙሉ ለውዝ እየቆረጠመ ስልክ የሚያናግር፣ ክፋት የሌለው ችኩል ሰው ነው። ደመወዙ ከቲኬቱ ሥራ ብዙም አይሻልም፤ የሕክምና ኢንሹራንስ ስላለው ብቻ ባለቤቴ «ግባ» አለችኝ፣ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሚስ ሩት ጫማዬን አስወለቁኝ። የራሳቸውንም አወለቁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበረበትና አውራ ጣቴን አጥፌ ልደብቀው ስታገል አዩኝ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ በእንጨቱ ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ክብደቴ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አንተም ቁምና እወቅ።»

እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ምንም እንስሳ ከመሣላቸው በፊት እንደ እንስሳው ይቆማሉ። ከዚያ እርሳስ ያነሣሉ፤ የሚጀምሩትም ከእግር ነው። ፊትን መጨረሻ ላይ ነው የሚሥሉት። «እግሩ የት እንደቆመ ካላወቅህ ምን እንደሚፈልግ አታውቅም» ይሉኝ ነበር። ሚስተር ዴል ስልክ ይዞ በሩን ሲከፍት አንዲት አሮጊትና አንድ ሐበሻ ባዶ እግራቸውን ተጎንብሰው ሲያገኝ፣ በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋዋል።

ካንጋሮ ቀስ ብሎ ሲሄድ ጅራቱን እንደ አምስተኛ እግር መሬት ላይ እንደሚተክል የተማርኩት እንደዚያ ቆሜ ስወድቅ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖረውን ኮዋላ መጀመሪያ የሰው እጅ ሰጠሁት፤ ቀደዱት። የኮዋላ የፊት እጅ ሁለት አውራ ጣት አለው፤ ቅርንጫፍ የሚጨብጠው በዚያ ነው። ዎምባት የሚባለውን ደንዳና ቆፋሪ እንስሳ የሽኮኮና የአሳማ ድብልቅ አድርጌ ሣልኩት፤ ያንንም ቀደዱት። ልጇን የምታዝልበት ከረጢት ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ስትቆፍር አፈር እንዳይገባበት። እኔ እንደ ካንጋሮ ወደ ፊት ከፍቼው ልጁን በአፈር ልቀብረው ነበር። በጣም የተናደዱብኝ ግን በዛፎቹ ነው። «ይህ የቨርጂኒያ አረንጓዴ ነው» አሉኝ። የእሳቸው አገር ቅጠል አመድ የነካው አረንጓዴ ነው፤ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጥላውም ስስ ነው። ያንን ቀለም እስካገኝ አንድ ክረምት ሙሉ ቀለም ስበጠብጥ ከረምኩ።

ወረቀቱን ውኃ ነክሬ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥሬ፣ ዳርና ዳሩን በሙጫ ወረቀት አጣብቄ እስኪደርቅ መጠበቅ ለእኔ ቅጣት ነበር። መጠበቅ አልችልም። ገና እርጥብ እያለ ቀለም እነካካበትና ይጨማደዳል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት በእንግሊዝኛ ልነግራቸው ብሞክር ወዲያው ገባቸው። ከዚያ በኋላ እርጥብ ወረቀት አጠገብ ሲያዩኝ «ምናሴ፣ ልትለቅም ነው?» ይሉኛል።

ዘጠኝ መጽሐፍ እንዲህ አብረን ሠራን። ስድስቱን አብዛኛውን እሳቸው፣ ሦስቱን አብዛኛውን እኔ። አሥረኛው የመርከቧ መጽሐፍ ነው። ልንጀምር ስንል ሚስ ሩት በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ሚስተር ዴል ለውዙን ትቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም፣ ብቻህን ጨርሰው አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ክፍሉ ውስጥ ቁም፣ አውልቅ፣ ቅደድ የሚለኝ አልነበረም።

መርከቧን አሳምሬ ሣልኩ። ሸራዋን፣ ገመዷን፣ ማዕበሉን። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። ጽሑፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ሰዎች በባሕሩ ዳር ቆመው ነበር» ይላል። ጀልባዎቹ ከመርከቧ ወደ ዳር እየቀዘፉ ነው፤ የአገሩ ባለቤቶች ደግሞ ዳር ቆመዋል። በሚስ ሩት መደርደሪያ ላይ ያ ቀን እንዴት እንደነበረ የሚተርክ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው። አልገለጥኩትም።

ይልቅ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር ወዳጄ በቀለ ጋ ሄድኩ። በቀለ የአንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። እሱንና ባልደረባውን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ አወጣኋቸውና ካሜራ ደቀንኩ።

«ምን እንሁንልህ?» አለ በቀለ።

«ከሩቅ አገር እንግዳ መጣ በሉ።»

ሌላ ምንም አላልኳቸውም። ሁለቱም ወዲያው ሽርጣቸውን ፈተው ወደ ጎን ጣሉ። ጎንበስ አሉ፤ ቀኝ እጃቸውን በግራ ደግፈው ዘረጉ፤ ፊታቸው በራ። እኔም «ግሩም!» ብዬ አነሣኋቸው። እንግዳ ሲመጣ ሌላ ምን ይደረጋል? ሌላ መቆሚያ በዚህ ምድር ላይ መኖሩ ለሦስታችንም ትዝ አላለንም።

ያንን ፎቶ አይቼ ሣልኩ። ቆዳቸውን፣ ፀጉራቸውን ለወጥኩ፤ አቋማቸውን እንዳለ ወሰድኩት። የቀረኝ እግራቸው ነበር። በፎቶው ላይ በቀለ የወጥ ቤት ቡትስ ጫማ ነው ያደረገው። እግር ከባድ ነው፤ ቀኑም ደርሷል። ረጅም ሣር ሣልኩና እስከ ጉልበታቸው ከደንኳቸው። መጽሐፉ ታተመ።

ሚስ ሩት በምርኩዝ ቢሮ ሲመለሱ መጽሐፉን ሰጠኋቸው። መርከቧን ረጅም ጊዜ አዩአት፤ ደስ ብሏቸዋል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«እግራቸው የት አለ?»

«ሣሩ ውስጥ።»

«አሸዋ ላይ ይህ ሁሉ ሣር ከየት መጣ?»

መጽሐፉን ዘጉና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሚስ ሩት ሲቆጡ ይለፈልፋሉ፤ ያን ቀን አልለፈለፉም። ጊዜ ወስጄ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም፤ ፈራሁ። በዓመቱ አረፉ፤ እርሳሶቻቸውና ያ ወፍራም መጽሐፍ ለእኔ ደረሱኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ለልጆች እንዳነብ የተጠራሁት። የልጆቹ ክፍል በእኛ ልጆች የተሞላ ነው። ከኋላ ልጇን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች አንዲት ጠይም ሴት አየሁ። እዚህ ሰፈር ጠይም ሰው ሁሉ ለእኔ የአገሬ ሰው ነው። «እንደምን ነሽ እህቴ፣ ልጅሽ ነው?» አልኳት በአማርኛ። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አልገባትም። መጽሐፉን አንብቤ ስጨርስ ልጇን ይዛ መጣችና ራሷ አሥራ አራተኛውን ገጽ ገለጠችው።

«የእናቴ ወገኖች አውስትራሊያ፣ ከዚህ የባሕር ጠረፍ ናቸው» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «አያቴ የነገረችን ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው ቆመው ሂዱ፣ ተመለሱ እያሉ መጮኻቸውን ነው። አንተ አገራቸውን በሁለት እጃቸው ሲያስረክቡ ሣልካቸው። እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ጓደኞቼ ናቸው» አልኩ።

ሥዕሉን ደግማ አየችው። «ደጎች ይመስላሉ» አለች። «የእኛዎቹ ግን ያን ቀን ደግ ለመሆን ጊዜ አልነበራቸውም።»

ቁጣ እንኳ አልነበራትም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጇን እጁን ይዛ ወጣች። ስሟን አልጠየቅኳትም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የሚስ ሩትን ወፍራም መጽሐፍ ገለጥኩ። እሷ እንዳለችው ነው የተጻፈው። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ጠብቆኛል! አፈርኩ። በኢትዮጵያዊ ጨዋነት የሌላውን ሰው አገር አስረክቤ መጣሁ።

ለሚስተር ዴል ነገርኩት። «ከአንዲት ሴት በቀር ማንም ቅር አላለውም፤ ሁለተኛ ስናትመው እናስተካክላለን» አለኝ። ሁለተኛው እትም ቀረ። ሥራው ወደ ኮምፒውተር ዞረ፤ ጫማ አውልቆ የሚቆም ጠፋ፤ ሚስተር ዴል ድርጅቱን ለልጁ ለካረን አውርሶ ሞተ፤ እኔም በአንድ ኬክና በአንድ ካርድ ተሸኘሁ። የተሸኘሁ ሰሞን ነው እነዚያን ሦስት መጽሐፎች መዋስ የጀመርኩት።

ባለፈው የጸደይ ወራት ካረን ስልክ ደወለች። አሥሩንም መጽሐፍ መልሳ ልታትም ነው፤ ወረቀት ልካለች፤ ፈርምልኝ አለች። ልቤ ዘለለ። አሥራ አራተኛው ገጽ ይቀየር አልኳት።

«ሚስተር ምናሴ፣ ፋይሎቹ ተዘጋጅተው አልቀዋል። ውሉ ለአሥሩም አንድ ነው። ካልፈረምክ አንዱም አይታተምም።»

አንዱም ማለት የሚስ ሩት ስድስቱም ማለት ነው። ዎምባታቸው፣ ኮዋላቸው፣ ያ አመዳም አረንጓዴ። ብፈርም ውሸቴ እንደገና በሺህ ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ባልፈርም ሚስ ሩትን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ሕሊና «ጀስት ሳይን ኢት፣ አባዬ፣ ዝም ብለህ ፈርም፤ ስትረስ አታድርግ» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ሜትሮ ላይ አወጣዋለሁ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን ሳስብ መውረጃዬ ሳልደርስ አየር ማረፊያው ላይ ወረድኩ። እዚያው የባቡሩ መድረክ ላይ ቆሜ ለካረን ደወልኩ። ገጹን ራሴ፣ በነጻ፣ በሁለት ሳምንት ሥዬ አመጣለሁ፤ ከዚያው የባሕር ጠረፍ የሆነ ሰው አይቶ እሺ ይበለው፤ ያኔ እፈርማለሁ አልኳት። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «ሁለት ሳምንት» አለች በመጨረሻ፤ «አንድ ቀን አትጨምርም።»

እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የዕድሜ ነው ይለዋል። ቀጥ ያለ መስመር ካሠመርኩ ቆይቻለሁ። ሦስት ቀን ስሥል ስቀድ፣ ስሥል ስቀድ ዋልኩ። ሚስ ሩት ትዝ አሉኝና ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ፤ ግን እኔ የምቆመው እንደ ተጨነቀ ሽማግሌ ነው። አራተኛው ቀን ወደ በቀለ ሄድኩ።

በቀለ አሁን የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው። አዳምስ ሞርጋን የነበረው ቤታቸው ሲሸጥ ነው ከነልጆቹ ወደዚያ የተገፋው። ያኔ ቤቱን ሊለኩ የመጡትን ሰዎች ደጁ ላይ ቆሞ ግማሽ ቀን አላስገባም እንዳላቸው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ግን አንሥቶት አያውቅም። ሁለት ጉልበቱ ተቀዶ ተጠግኗል። በሩን ከፍቶ እርሳስና ወረቀት ይዤ ሲያየኝ ሳቀ።

«ጋሽ ካንጋሮ! ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው? እንግዳ መጣ ልበል?»

«አይ፣ በቀለ። ያኔ የሣልኩህ ስሕተት ነበር። ዛሬ እንግዳ አልመጣም።» የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሴትዮዋ ያለችውንም። ሰምቶ ሲጨርስ ሳቁ የለም።

«ታዲያ ማን መጣ ልበል?»

«ቤትህን የሚለኩት።»

የማይነካ ነገር የነካሁ መሰለኝና «ተወው» ልለው ነበር። እሱ ግን ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጎንበስ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ቆመ። እግሮቹ ሰፋ አሉ፤ ጣቶቹ ምንጣፉን ጨበጡት፤ ተረከዙ መሬት ገባ። እጁን አልዘረጋም።

«ቶሎ በል» አለኝ፤ «ጉልበቴ አይችልም።»

ከእግሩ ጀመርኩ። እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ መስመሩም ተንቀጠቀጠ። ክብደቱ ግን የት እንዳለ አውቄ ነበር። በቀለ ሃያ ደቂቃ ቆመልኝ፤ ሁለተኛውንም ሰው ከእሱ ሣልኩ። ሲቀመጥ ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር፤ የጉልበቱ ሕመም ነው አለኝ፤ እኔም የጉልበቱ ነው ብዬ አመንኩት።

ካረን ሥዕሉን አውስትራሊያ፣ ከዚያው የባሕር ጠረፍ ወገን ለሆኑ አንድ መምህር ላከችው። መልሳቸው በሳምንቱ መጣ። ፀጉሩ እንዲህ አይደለም፤ ጦሩ እንዲህ አይያዝም፤ ሰውነታቸው ላይ ነጭ ቀለም መቀባት ነበረበት፤ ሁሉንም ዘርዝረው አርመውኛል። ከታች አንድ መስመር አለ፤ እግሩን ግን አትንኩት ይላል። ያሉትን ሁሉ አስተካክዬ፣ ወረቀቱ እስኪደርቅ ተቀምጬ ጠብቄ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን አስረከብኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

ያቺን ሴት ፈልጌ አላገኘኋትም። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ጠየቅኩ፤ ስሟን ሳላውቅ ምን ይረዱኝ? ልጇ አሁን ትልቅ ሰው ይሆናል። እየሄድኩ የልጆቹን ክፍል አሁንም አያለሁ፤ ጠይም ሴት ሳይ ግን ሰላምታዬን አስቀድሜ በየትኛው ቋንቋ እንደምጀምር አስባለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት አዲስ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ሦስቱን አሮጌዎች ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ቤተ መጻሕፍቱ ወረድኩ። ሕሊና ከሥራ ቀርታ አብራኝ መጣች። መጽሐፍ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ልጅ ስድስቱን አይታ ግራ ገባት። የእኔ እንግሊዝኛ ሲደናቀፍ ሕሊና ነገረቻት፤ አሮጌዎቹን አስወጡልን፣ በቦታቸው እነዚህን አስገቡ። ልጅቷ ሁለቱን መጽሐፎች አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ከፍታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ጽሑፉ ላይ የተለወጠው ምንድን ነው?» አለች።

ምንም አልተለወጠም። ያው አንዱ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ሰዎች በባሕሩ ዳር ቆመው ነበር» ይላል። ሣሩ የለም፤ አሸዋው ላይ አራት እግሮች አሉ። አሁን ቆመዋል።